በትሮይቪል ምድር ቤት የቆጠርናቸው ዓሦች

ባለፈው ሳምንት ኦሬንጅ ፋርም ሱቄ ውስጥ ቆሜ ለአንዲት ጎጎ፣ ለአንዲት አሮጊት ደንበኛዬ፣ ሁለት ቆርቆሮ ዓሣ ሳቀብል መሬቱ ተንቀጠቀጠ። ያን ያህል አይደለም፤ ከባድ መኪና በአጠገብ ሲያልፍ እንደሚያደርገው ነው። ጆበርግ ሥሩ ሁሉ ለወርቅ ተቦርቡሮ ያለቀ ከተማ ስለሆነ አልፎ አልፎ እንዲህ ይላል፣ ከዚያ ይተወዋል። መደርደሪያው ላይ ያሉት የዘይትና የአቼቶ ጠርሙሶች ግን እርስ በርስ ተነካክተው ትንንን... አሉ። ጎጎ «ሀዉ!» ብለው ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። እኔ ማቲዎስ፣ ሽጉጥ ደቅነውብኝ «ወንድሜ፣ ወረፋ አለ እኮ» ያልኩ ሰው፣ ቆርቆሮውን ባንኮኒው ላይ ጥዬ ከዱቄቱ ከረጢት ጀርባ እጄን ሰደድኩ። እዚያ የማስቀምጣት አንዲት ትንሽ ጠርሙስ አለች። አወጣኋት፣ ወደ መብራቱ ከፍ አደረግኳትና ቆጠርኩ።

«ምንድነው እሱ፣ ሙቲ ነው?» አሉኝ ጎጎ። የባህል መድኃኒት መስሏቸው ነው።

«አይደለም ጎጎ። የጓደኛዬ ነው።»

ፊቴን አይተው ዓሣቸውን በሻርፓቸው ጠቅልለው ቶሎ ወጡ።

ስለዚች ጠርሙስ ለማንም አውርቼ አላውቅም። ማቲዎስ ያላወራው ነገር አለ ቢባል የሚያውቁኝ ሁሉ ይስቃሉ። ታምራት ሲናገር «ማቴ ጉንፋን ሲይዘው እንኳን በዜና ነው የሚሰማው» ይላል። ዛሬ ግን ይኸው በስልኬ እየጻፍኩት ነው። ፊደል ከሳትኩ ይቅርታ፤ ትምህርት ቤትና እኔ አምስተኛ ክፍል ላይ ነው የተለያየነው፣ በስምምነት።

ነገሩ የሆነው የዛሬ ሰባት ዓመት ነው። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ክሊፕታውን ከባቡር ሐዲዱ አጠገብ የነበረችኝ ስፓዛ፣ ትንሽ የሰፈር ሱቅ፣ በአንድ ቀን ረብሻ ተዘርፋ አለቀች። በሯን ሳይቀር ነቅለው ወሰዱት፤ ቁልፉ ግን እስካሁን እኔ ጋ አለ። ከዚያ ትሮይቪል መጥቼ ታምራት ጋ ተጠጋሁ። ታምራት የሆሳዕና ልጅ ነው፣ አብሮ አደጌ፤ ብርድ ልብስ በባኪ፣ በፒክአፕ፣ እየጫነ በየሎኬሽኑ፣ በየጥቁሮቹ ሰፈር ይሸጣል። የተከራየው ዶና ሮዛ የሚባሉ አሮጊት ጓሮ ያለችውን አንድ ክፍል ነበር።

ዶና ሮዛ ሞዛምቢክ ተወልደው ያደጉ ፖርቱጋላዊት ናቸው። ቁመታቸው ከባንኮኒ አያልፍም፤ ሁልጊዜ ጥቁር ነው የሚለብሱት። ክረምት ነበር። የጆበርግ ክረምት ደግሞ ዝናብ የለውም፤ ሣሩ ሁሉ ይደርቃል፣ ሰማዩ ብቻ ሰማያዊ ሆኖ ይቀራል፣ ጠዋት ጠዋት ብርዱ አጥንት ይገባል። አንድ ጠዋት ግቢው ውስጥ ፀሐይ እየሞቅኩ ናርቺ፣ መንደሪን ማለት ነው፣ ስልጥ ዶና ሮዛ መጡና ከፊቴ ቆሙ። የናርቺ ልጣጭ ሽታ አሁንም ድረስ እሳቸውን ነው የሚያስታውሰኝ።

«አንተ፣ ቁጥር ትጽፋለህ?»

«ቁጥር? እማማ፣ እኔ እኮ ባለሱቅ ነኝ። በቁጥር ነው የማልመው።»

«እንግሊዝኛስ ታነባለህ?»

«እንደ ውሃ!» ውሸቴን ነው። የማነበው ብስኩት ካርቶን ላይ ያለውን ነው።

«ባሕርስ ታውቃለህ?»

«ባሕር? ባሕርማ ራሱ ያውቀኛል!»

ይሄኛው እንኳን ግማሹ እውነት ነው። ወደዚህ አገር ስመጣ ከታንዛኒያ ወደ ሞዛምቢክ ሁለት ሌሊት በጀልባ ተጉዣለሁ፤ ከነጓዛችን ሸራ ደፍተውብን። ባሕሩን ያየሁት በሸራው ቀዳዳ ነው። ስለዚያ ጉዞ ሰው ሲጠይቀኝ አንድ የማስቅበት ታሪክ አለኝ፤ አጠገቤ የተቀመጠው ልጅ አዲስ ጫማ ላይ እንዴት እንዳስመለስኩበት። እሱን አወራለሁ፣ ሰው ይስቃል፣ ከዚያ ሌላ ወሬ አመጣለሁ።

ዶና ሮዛ ወደ ምድር ቤቱ ይዘውኝ ወረዱ። በደረጃው ስትወርድ መጀመሪያ የሚቀበልህ የክሊኒክ ሽታ ነው፣ አልኮል። ከዚያ መብራቱን አበሩት። አራቱም ግድግዳ ከወለል እስከ ጣሪያ መደርደሪያ ነው፣ መደርደሪያው ሙሉ የመስታወት ጠርሙስ፣ የማርማላታ ጠርሙስ የሚያህል። ከአራት መቶ በላይ ናቸው። እያንዳንዱ ውስጥ ከታች እንደ አጥሚት ያለ ነጭ ነገር ተኝቷል። ባሕር ከዚህ ከተማ በመኪና የስድስት ሰዓት መንገድ ነው፤ እኔ ግን እዚያ ደረጃ ላይ ቆሜ የግድግዳውን ጠርዝ ልክ እንደ ጀልባዋ ጠርዝ ጨብጬ ያዝኩ።

የባላቸው የማኑዌል ሥራ ነው። ማኑዌል ሞዛምቢክ እያለ በትንሽ ጀልባ እየወጣ ባሕር ውስጥ የሚንሳፈፉትን ጥቃቅን ፍጥረቶችና የዓሣ ጫጩቶች ሲሰበስብ ነው የኖረው። መረቡ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። አፉ ላይ ክብ ብረት አለው፣ ሰውነቱ ከሻሽ የሳሳ ጨርቅ ነው፣ እየጠበበ እየጠበበ ሄዶ ጫፉ ላይ አንዲት ኩባያ ታስራለች። የዝሆን ካልሲ በሉት። ጀልባው ቀስ እያለ ይሄዳል፣ መረቡ ከኋላ ይጎተታል፣ አሥር ደቂቃ። ከዚያ ስበው ያወጡትና ከውጪ በውሃ ያጥቡታል፤ የተያዘው ሁሉ ወርዶ ኩባያዋ ውስጥ ይጠራቀማል። እሱ ወደ ጠርሙስ ይገለበጣል፣ አልኮል ይደረግበታል፣ ትንሽ ወረቀት አብራው ትገባለች። ከየት እንደተያዘ፣ መቼ፣ በስንት ሜትር ጥልቀት፣ የጎተተው ማን እንደሆነ።

«ከውጪ የለጠፍከው ወረቀት አንድ ቀን ይወድቃል» አሉኝ ዶና ሮዛ። «ከውስጥ ያለው ግን አብሯቸው ይኖራል። በእርሳስ ብቻ ጻፍ። እስክሪብቶ ከሆነ አልኮሉ ይበላዋል።»

ቤቱ ሊሸጥ ነበር። እሳቸው ደርባን ወዳለ የአረጋውያን ቤት ሊገቡ ነው። ጠርሙሶቹን ሊረከቡ የተስማሙ የሙዚየም ሰዎች ነበሩ፤ ነገር ግን ሁሉም በዝርዝር ካልተመዘገበ አንወስድም ብለዋል። የእኔ ሥራ መዝገብ ላይ ማስፈር ነው። ጠርሙስ አነሳለሁ፣ የውስጧን ወረቀት አነባለሁ፣ ነጭ ሳህን ላይ እገለብጠዋለሁ፣ በማጉያ መስታወት እያየሁ የዓሣ ጫጩቱን በወረንጦ ለብቻ እቆጥራለሁ፣ የጎደለውን አልኮል እሞላለሁ። ስማቸውን ዶና ሮዛ ነበር የሚነግሩኝ፣ እኔ ግን የራሴን አወጣሁላቸው። ጀርባዋ ላይ እሾህ ያላት የሸርጣን ልጅ «ጸጉረ ልውጥ»፣ ረጅሟ ትል «ደላላ»፣ ጺም ብቻ የሆነው ደግሞ «ታምራት»። ታምራት ሲሰማ ሳምንት አኮረፈኝ።

የከበደኝ ዓይናቸው ነው። የዓሣ ጫጩት ሲፈጠር ሰውነቱ መስታወት ነው፣ ወዲያ ማዶ ያሳያል። አልኮል ውስጥ ሲከርም ይነጣል። ዓይኑ ግን ጥቁር እንደሆነ ይቀራል። አንዷን ጠርሙስ ስታነሳ የሰናፍጭ ፍሬ የሚያካክል ሦስት መቶ ዓይን ቀና ብሎ ያይሃል። መጀመሪያ አካባቢ ስገባ «ሳኒቦናኒ!» እያልኩ በዙሉ ሰላም እላቸው ነበር። ሰላምታው «አየኋችሁ» ማለት ነው። መልሱም ያው «እኛም አየንህ» ነው። አንድ ቀን ሰላም ካልኩ በኋላ ቤቱ ጭር ሲል፣ መልሱን እየጠበቅኩ መሆኔ ታወቀኝ። ከዚያ ወዲያ ዝም ብዬ ነው የምገባው።

በአምስት ሳምንት ከመጨረሻው መደርደሪያ ደረስኩ። አሥራ አምስት ጠርሙስ ነው ያለው። አሥራ አራቱን መዘገብኩ። አሥራ አምስተኛዋ በስተግራ ጫፍ ላይ ብቻዋን ፈንጠር ብላ የምትቀመጥ ትልቅ ጠርሙስ ናት፤ ቁጥር የላትም። ውስጧ ጢም ብሏል፣ አብዛኛው ደግሞ ሌላ ጠርሙስ ውስጥ ያላየሁት ዓይነት ዓሣ ነው። ጠፍጣፋ፣ የባሕር ዛፍ ቅጠል የመሰለ፣ ከጭንቅላቱ ይልቅ ዓይኑ የሚበልጥ። የእባብ ዓሣ ልጅ ነው አሉኝ። እኔ «ቅጠል» ብዬ መዝገቡ ላይ መስመር ከፈትኩለት። «እሷን ራሴ እጽፋታለሁ» አሉኝ ዶና ሮዛ። ለምን እንደሆነ አልነገሩኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም።

በዚያው ሰሞን ዓይናቸውን ሊታከሙ ሆስፒታል ገቡ። ሦስት ቀን። ሄዱ፣ እኔ ብቻዬን ቀረሁ። ብቻዬን ስቀር ደግሞ ጎበዝ ነኝ።

ለባለሱቅ ዓይን ግማሽ ባዶ ዕቃ ስድብ ነው። ስፓዛ ውስጥ ምን ታደርጋለህ? ሃምሳ ኪሎ ስኳር ታመጣለህ፣ በትንንሽ ላስቲክ ትከፋፍላለህ፣ መደርደሪያው ሙሉ ይመስላል። የሞላውን ቀንሰህ የጎደለው ላይ ትጨምራለህ። ሰው ሙሉ መደርደሪያ ሲያይ ነው የሚያከብርህ። ሙያዬ ይሄ ነው፣ በዚህ ማንም አይደርስብኝም። አየሁ፤ አሥራ አራቱ ግማሽ ድረስ ናቸው፣ ትልቋ አፏ ድረስ ታጭቃለች። የሙዚየም ሰዎች ደግሞ ሰኞ ሊመጡ ነው። ዶና ሮዛ ሲመለሱ የሚደሰቱበትን ነገር ላድርግ ብዬ ትልቋን ከፈትኩ። በማንኪያ እየጨለፍኩ ለአሥራ አራቱም እኩል አካፈልኳቸው። ወረቀታቸውን በየቦታው መልሼ ከተትኩ፤ እኔ ዝርክርክ አይደለሁም። ሲያልቅ ወደ ኋላ ሄጄ አየሁት። ሁሉም ልክ ልኩን ሞልቶ ተሰልፏል። ፎቶ አንስቼ ለታምራት ላክሁና «ባለሙያ እንዲህ ነው» ብዬ ጻፍኩበት።

በማግስቱ ጠዋት ወርጄ መብራቱን ሳበራ ቅጠሎቹ ከታች የሉም።

ማለቴ፣ አሉ። ግን አልተኙም። በአሥራ አራቱም ጠርሙስ ውስጥ በግራ በኩል መስታወቱ ላይ ተለጥፈዋል። ሁሉም በግራ። ትልቋ ወዳለችበት።

መደርደሪያው ዘምሞ ነው አልኩ። ናርቺ ከኪሴ አውጥቼ መደርደሪያው ላይ አስቀመጥኩት። ናርቺው ቀስ ብሎ ተንከባለለ፣ ወደ ቀኝ። ወደ ቀኝ ሄዶ ወለሉ ላይ ዱብ አለ። እሺ። ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ አዞርኳቸው፤ አሁን ቅጠሎቹ በቀኝ ሆኑ። ወጣሁና ፓፕ፣ የበቆሎ ገንፎ በላሁ፣ ፀሐይ ሞቅኩ፣ ከሰዓት ተመልሼ ወረድኩ። በግራ ናቸው። ዓይናቸው መስታወቱን ነክቷል፣ ልክ አውቶቡስ መስኮት ላይ ግንባሩን እንዳስደገፈ ሰው። ያኔ ነው ትንንን ማለት የጀመሩት። ሁሉም አይደለም፣ አሥራ አራቱ ብቻ፣ ጥርሱ እንደሚንቀጫቀጭ ሰው። ሮጬ ግቢ ወጣሁ። ታምራት ባኪው ላይ ብርድ ልብስ ይጭናል።

«መሬቱ ነቀነቀ አይደል?»

«የምን መሬት?» አለኝ።

«አሁን! አሁን እኮ ነው!»

«ማቴ፣ ያን አልኮል ትሸተዋለህ ወይስ ትጠጣዋለህ?»

ዶና ሮዛ ቅዳሜ ጠዋት አንድ ዓይናቸው ታሽጎ ተመለሱ። ሻይ እንኳን ሳይጠጡ በእኔ ክንድ ተደግፈው ወረዱ። መደርደሪያውን ዘወር ብለው አላዩትም። በእጃቸው እየዳበሱ ወደ ጫፉ ሄዱና ትልቋን ጠርሙስ አነሷት። ደረታቸው ላይ ያዟት።

«ቀሏል» አሉ።

«አልኮሉ ተኖ ይሆናል፣ እማማ» አልኩ። ምላሴ እንዲህ ነው፣ ሳላዘው ይሄዳል።

ደረጃው ላይ ተቀምጠው ጠርሙሷን ጭናቸው ላይ አደረጓት። ከዚያ ነገሩኝ። ማኑዌል አንድ ቀን ብቻውን ወጣ፤ ረዳቱ ታሞ ነበር። በሁለተኛው ቀን ጀልባዋ ባዶዋን ስትንሳፈፍ ተገኘች። ሰው የለባትም። መረቡ ግን ከኋላዋ እንደተዘረጋ ነበር፣ ሁለት ቀን ሙሉ ሲጎተት። ያገኟት ዓሣ አጥማጆች መረቡን ከነኩባያው አምጥተው ለእሳቸው ሰጧቸው። «እኔ ምን ላድርገው? እሱ የሚያደርገውን አደረግኩ። አጠብኩት፣ ጠርሙስ ውስጥ ከተትኩት፣ አልኮል ሞላሁት፣ ወረቀት ጻፍኩለት። ሬሳው አልተገኘም። ሌላው ሰው ሄዶ አበባ የሚያስቀምጥበት መቃብር አለው። እኔ ያለችኝ ይቺ ናት። በዓመት አንድ ቀን ከፍቼ ቅጠሎቹን እቆጥራቸዋለሁ። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ናቸው።»

«ዳቦ ልግዛ» ብዬ ወጣሁ።

ለታምራት ነገርኩት። ታምራት ብርድ ልብሱን አስቀምጦ ሳቀ፣ ከዚያ መሳቁን ተወ።

«ስማ ማቴ፣ ዝም በል። ሴትየዋ በአንድ ዓይን ናቸው። ሰኞ መኪናው መጥቶ ጠርሙሶቹን ይጭናል፣ ደህና ሰንብቱ። ማን ያውቃል?»

«ሰኞ መኪናው ከጫናቸው እኮ በቃ ማለት ነው። ባልየው አሥራ አራት ቦታ ተበትኖ ይቀራል።»

«ባልየው? ዓሣ ነው እኮ፣ አንተ!»

«ወርደህ እያቸው እስኪ።»

ታምራት አልወረደም። ለወሬ ነው እንጂ ለመውረድ ደፋር አይደለም። እኔ ትኩስ ዳቦ በብብቴ እንደያዝኩ እዚያው ቆምኩ። እውነቱን ለመናገር መሸሽም አስቤያለሁ። ቦርሳዬ ትንሽ ናት፣ ደርባን ይሁን ኬፕታውን የሚሄድ ታክሲ አይጠፋም። ግን አንድ ነገር ያዘኝ፤ ምን እንደሆነ ያኔ አላወቅኩትም። ተመልሼ ወረድኩና ዳቦውን ሳላስቀምጥ ነገርኳቸው። የስኳሩንም፣ የማንኪያውንም፣ ሁሉንም።

ያልታሸገው ዓይናቸው እኔ ላይ ተተክሎ ቀረ፣ ልክ ከጠርሙሶቹ እንደ አንዱ።

«ስንቱ ውስጥ?»

«አሥራ አራቱም።»

«መዝገብህን አምጣ።» አመጣሁ። «'ቅጠል' የሚለውን መስመር አንብብልኝ፣ ከማካፈልህ በፊት የጻፍከውን።»

አነበብኩ። ባዶ፣ ባዶ፣ ባዶ... አሥራ አራቱም ባዶ።

«እንግዲያው ቅጠል ሁሉ የእሱ ነው» አሉ። «መዝገብህ ደህና ነው። እጅህ ነው የከፋው። ተቀመጥ።»

ሌላው ጥቃቅን ነገር ተደባልቋል፣ እሱን ማንም አይለየውም። ቅጠሎቹን ግን በወረንጦ አንድ በአንድ ማውጣት ይቻላል። ዶና ሮዛ ከጓዳ ደረቅ ባቄላ አመጡና በጣታቸው እየዳበሱ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ፍሬ ቆጥረው በጎድጓዳ ሳህን አደረጉ። እኔ አንድ ቅጠል አውጥቼ ትልቋ ጠርሙስ ውስጥ ስከት «አንድ» እላለሁ፤ እሳቸው አንድ ባቄላ አንስተው ጣሳ ውስጥ ይጥላሉ። ጠቅ። «አንድ» ጠቅ። ትልቋ ውስጥ የቀሩትም ሲቆጠሩ ሃያ ስድስት ሆኑ። ቅዳሜን እንዲህ ዋልን። የድንችና የጎመን ሾርባቸውን እዚያው ደረጃ ላይ ጠጣን። እሁድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ቀረሁ፤ ጌታ ይቅር ይበለኝ፣ ያን ቀን የምጸልየው በወረንጦ ነበር።

እሁድ ከሰዓት አሥራ አራተኛዋ ላይ ስንደርስ መብራት ጠፋ። የሎድ ሸዲንግ፣ መብራት በፈረቃ የሚጠፋበት ሰዓት ነው። ምድር ቤቱ ውስጥ እጅህ እንኳን አይታይህም። ሻማ እንዳንለኩስ ቤቱ አልኮል በአልኮል ነው፤ የስልኬም ባትሪ አልቋል። ስለዚህ ቁጭ አልን። ጠርሙሶቹ ዝም ብለዋል። ግን ዝምታው የባዶ ቤት አልነበረም። ብዙ ሰው ተጠጋግቶ ትንፋሹን ሲይዝ ያለው ዝምታ ነው። እኔ አውቀዋለሁ፣ ሸራ ስር ሰምቼዋለሁ።

«ባሕሩ ያውቀኛል ብለኸኝ ነበር» አሉ ዶና ሮዛ በጨለማው ውስጥ። «እውነት ነው?»

የጫማውን ቀልድ ጀመርኩላቸው። አጠገቤ ያለው ልጅ አዲስ ጫማ ላይ እንዴት እንዳስመለስኩ። መሃል ላይ ስደርስ ተውኩት። አልሳቁም።

«ከዚያስ?» አሉ። «ልጁስ?»

የዱራሜ ልጅ ነው። ስሙን አልጠየቅኩትም። ቢጫ ጃኬት ነበረው። ጫማውን ሳበላሽበት አልተቆጣም፤ «በቃ አሁን ወንድማማች ሆንን» ብሎ ብስኩቱን አካፈለኝ። ሁለተኛው ሌሊት ላይ ማዕበሉ ጀልባዋን በጎን ሲያነሳት ሸራው ተገለጠ፣ ውሃ ገባ፣ ሰው ተጯጯኸ፣ ከዚያ ጸጥ አለ። ሲነጋ አጠገቤ ያለው ቦታ ባዶ ነው። ዳር ስንደርስ ደላላው አሸዋው ላይ አሰልፎ ቆጠረን። ሃያ ሰባት። «ልክ ነው?» አለ። ሃያ ስምንት ነበርን። እኔ አጠገቡ የነበርኩት ነኝ። እኔ ወሬኛው፣ እኔ አፈኛው። ዝም አልኩ። ሁሉም ዝም አለ። «ልክ ነው» አለና ሄድን።

የዶና ሮዛ እጅ በጨለማው መጥቶ ጉልበቴን አገኘውና እዚያው ተቀመጠ።

መብራቱ መጣ። ወረንጦዬን አነሳሁ። «አንድ» ጠቅ። «አንድ» ጠቅ። «አንድ» ስል ጠቅ የሚል አልመጣም። ቀና አልኩ። ዶና ሮዛ ጎድጓዳውን ሳህን በጣታቸው ይዳብሳሉ። ባዶ ነው። ባቄላው አልቋል። ወረንጦዬ ጫፍ ላይ አንድ ቅጠል ተንጠልጥሏል።

«ድጋሚ ቁጠር» አሉ።

ባቄላውን ቆጠርን፤ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት። ትልቋን ገልብጬ ቅጠሎቹን ቆጠርኩ፤ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት። ሌላ ሳህን ላይ የለየኋትን ትርፏን ሳይጨምር። ድጋሚ ቆጠርኩ። ያው ነው።

«ምናልባት ድሮ ተሳስተው ይሆናል፣ እማማ።»

«ሠላሳ አንድ ጊዜ ቆጥሬያቸዋለሁ» አሉ። የትርፏን ሳህን ወደ ዓይናቸው አቅርበው አዩዋት። ከዚያ ሳህኗን ወደ እኔ ገፏት።

«ይሄ የኔ አይደለም። ያንተ ነው።»

ቀልድ ፈለግኩ፣ ሆዴ ውስጥ አንድም ቀልድ አልነበረም።

ትንሽ ጠርሙስ፣ አልኮል፣ ቁራጭ ወረቀትና እርሳስ አመጡልኝ። «እዚህ ቤት ወረቀት ሳይኖረው የሚቀመጥ የለም» አሉ። ጻፍኩ፣ በአማርኛ። ከየት፦ ከሞዛምቢክ በላይ ካለው ባሕር። ጥልቀት፦ አላውቅም። ምንነቱ፦ የዱራሜ ልጅ፣ ቢጫ ጃኬት፣ ሃያ ስምንተኛ። መጨረሻው መስመር ላይ ቆምኩ።

«የጎተተው የሚለው ላይ ማንን ልጻፍ?»

«ያወጣው ነው የሚጻፈው» አሉ።

ስሜን ጻፍኩ። ወረቀቷንና ቅጠሏን ጠርሙሷ ውስጥ ከትቼ ክዳኗን አጠበቅኩ።

ሰኞ የሙዚየም ሰዎች መጡ። ዶና ሮዛ አልደበቁም፤ አሥራ አራቱ መደባለቃቸውን ራሳቸው ነገሯቸው። ሰዎቹ አሥራ አራቱን ትተው ሌላውን ጫኑ። አንደኛው ሲያየኝ አንገቴን ደፋሁ፤ እኔ ስደፋ አይቶ የሚያውቅ ሰው የለም። ዶና ሮዛ አሥራ አራቱን በካርቶን፣ ትልቋን በጭናቸው ይዘው ደርባን ሄዱ። መስኮቱ ባሕሩን ያሳያል ብለውኝ ነበር። በኋላ ስልካቸው አልሠራ አለኝ።

እኔም ከጊዜ በኋላ ይኸው ኦሬንጅ ፋርም ሱቅ ከፈትኩ። ዛሬም እፎክራለሁ፣ እሱ አይለቀኝም። ስኳሬንም እከፋፍላለሁ፣ መደርደሪያዬም ሁሌ ሙሉ ነው። የጫማውን ቀልድ ግን ትቻለሁ። የዱራሜ ሰው ባገኘሁ ቁጥር ቢጫ ጃኬት ለብሶ የወጣ ልጅ ያላቸው ቤተሰብ ያውቅ እንደሆነ እጠይቃለሁ። እስካሁን አላገኘሁም። ያኔ ዳቦ ይዤ ግቢው ውስጥ ቆሜ ያልሸሸሁት ለምን እንደሆነ አሁን የገባኝ ይመስለኛል። አንድ ጊዜ «ልክ ነው» ሲባል ዝም ብያለሁ። ሁለተኛው አልሄድ አለኝ።

ቅጠሏ ሁልጊዜ መስታወቱ ላይ እንደተለጠፈች ናት፣ በምሥራቅ በኩል፣ ባሕሩ ባለበት። ባዞራትም ትመለሳለች። ለምጄዋለሁ። መሬቱ ሲንቀጠቀጥና ጠርሙሶቹ ትንንን ሲሉ ብቻ ነው የማልችለው። ጀልባዋ ላይ ሃያ ስምንት ነበርን ብዬ የማምነው እኔ የማውቀውን ያህል ነው፤ ጨለማ ነበር፣ ከጀርባዬ ማን እንደተቀመጠ፣ ሌላም የጎደለ ይኑር አይኑር አላየሁም። ስለዚህ ሥራዬን አቆማለሁ፣ ከዱቄቱ ጀርባ አወጣታለሁ፣ ወደ መብራቱ ከፍ አድርጌ እቆጥራለሁ።

አንድ ናት። እስካሁን አንድ ናት።